«መጣሁ» ባዩ አናጢ

በሰፈሩ ውስጥ አንድ አናጢ ነበር። ወላጆቹ ያወጡለት ስም መታወቂያው ላይ በደንብ ተጽፏል፤ ሚስቱና ልጁ ግን ከሁለት ዓመት ተኩል ወዲህ እርስ በርሳቸው ሲያወሩ «አቶ መጣሁ» ነው የሚሉት። ስሙን ያገኘው በሥራው ነው። ምሳ ሲቀርብ ልጅቱ በረንዳ ላይ ቆማ «አባዬ፣ ምሳ!» ብላ ትጣራለች። አባት ከጓሮው ወርክሾፕ ሆኖ፣ ቀና እንኳ ሳይል፣ «መጣሁ!» ይላል። ከዚያ መላጊያው ሥራውን ይቀጥላል፤ ምሳው ይቀዘቅዛል፤ እናትና ልጅ በልተው ይነሳሉ፤ የአባት ሳህን በሌላ ሳህን ተከድኖ ጠረጴዛው ላይ ይቀራል።

አማርኛ በዚህ በኩል ለጋስ ቋንቋ ነው። ገና ለመነሳት ያሰበ ሰው፣ ልክ እንደ ደረሰ ሰው «መጣሁ» ቢል ማንም ውሸታም አይለውም። ሰውየው ሁለት ደቂቃ ቆይቶ ብቅ ይላል፤ ያኔ ነገሩ ይስተካከላል። አናጢው ግን በዚህ ልግስና ያለ ቅጥ ተጠቀመበት።

አንድ ቀን ልጅቱ በሦስተኛ ክፍል ስለ ኃላፊ ጊዜ ስትማር፣ መምህሯ አንድ ምሳሌ እንድትሰጥ ጠየቀቻት።

«መጣሁ» አለች ልጅቱ።

«ጎበዝ! ምን ማለት ነው?»

«አይመጣም ማለት ነው» ስትል ሳታቅማማ መለሰች።

ክፍሉ በሳቅ አወካ። መምህሯ ይህን ለእናትየዋ አጫወተቻት፤ እናትየዋም ሳቀች፤ ቤቷ ስትደርስ ግን ሳቁ ጠፋባት። ለባሏ ልትነግረው ወደ ጓሮ ተጣራች። «መጣሁ!» አላት። ስለዚህ ሳይነገረው ቀረ።

ሰውየው ሰነፍም ክፉም አልነበረም። አሥራ አንድ ዓመት የቤት ዕቃ ፋብሪካ ውስጥ ተቀጥሮ ሠርቷል፤ ከዚያ በፊትም የእንጨት ሥራ በትምህርት ቤት ተምሮ ዲፕሎማውን ይዟል። የራሱን ሥራ ለመጀመር ሲነሳ ስልጠና ገባ። እዚያ አንድ ከረባት ያሰረ አሰልጣኝ «የራሱን ሥራ የጀመረ ሰው ሰዓት የለውም» ብሎ ሲናገር ልቡን ነካው። ቃሉን በትልልቅ ፊደል ጽፎ ከሥራ ጠረጴዛው በላይ ግድግዳው ላይ ለጠፈው። ከምግብ ጠረጴዛው እስከ ወርክሾፑ በር አሥራ ሰባት እርምጃ ነው፤ ወርክሾፑን ሲሠራ ራሱ ቆጥሮታል። «ከቤተሰቤ ሳልርቅ እሠራለሁ» እያለም ለሁሉም ተናግሮ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ የመጣለትን ጣውላ ከመኪና ላይ ሲያወርድ፣ ሰፈሩ ሁሉ «ሲስተር» የሚላቸው ጡረተኛ ነርስ፣ እግሩ የወለቀ ወንበር በአንድ እጃቸው አንጠልጥለው በበሩ ሲያልፉ ተገጣጠሙ። ሲስተር ሠላሳ ሁለት ዓመት ሆስፒታል ያገለገሉ፣ የሕሙማን ክፍል ኃላፊ የነበሩ ሴት ናቸው። ጡረታ ከወጡም በኋላ ሰው ሲያዩ መጀመሪያ የሚመለከቱት ዓይኑን ነው።

«ሲስተር፣ እንደምን አደሩ! ወንበሩን ይዘው ወዴት ነው?»

«ገበያው ጥግ ያለው አናጢ ዘንድ።»

«እኔ እዚሁ አፍንጫዎ ሥር ቁጭ ብዬ? ምን በደልኩዎት?»

«አንተማ መቼ ቁጭ ብለህ ታውቃለህ! ሥራ አናቱ ላይ ወጥቶበታል ሲሉ ሰማሁ። የአሮጊት ወንበር ልጨምርብህ?»

«ግድ የለም፣ ይግቡ። አሥር ደቂቃ አይፈጅም።»

ገቡ። ወርክሾፑ ረጅምና ጠባብ ነው። ወለሉ ላይ ሰጋቱራው ቁርጭምጭሚት ድረስ ተከምሯል። በአንድ በኩል የወጥ ቤት ቁም ሳጥን በሮች ግድግዳ ተደግፈው ቆመዋል፤ በሌላው በኩል ለካፌ የታዘዙ የአሥራ ሁለት ወንበሮች እግሮች ተደርድረዋል። መስኮቱ ላይ የተቀመጠው ስልክ በየጊዜው እየተንዘፈዘፈ ወደ ጠርዙ ይጠጋል። ከወደ ጥጉ በሸራ የተሸፈነ ነገር አለ። የበሩ መቃን ላይ በእርሳስ የተሰመረ መስመር ይታያል፤ አጠገቡ «የመክፈቻ ቀን» ተብሎ ተጽፏል።

አናጢው የወንበሩን እግር አጽድቶ ኮላ ቀባና በሞርሳ አጣብቆ አሰረው። እጁ ፈጣን ነው። ሲስተር ግን እጁን ሳይሆን ዓይኑን ነው ያዩት፤ ቀልቷል።

«ኮላው እስኪይዝ ትንሽ ይቀመጡ» አላቸው። እሳቸው ሲቀመጡ ከበረንዳው ድምፅ መጣ።

«አባዬ፣ ምሳ!»

«መጣሁ!»

ሲስተር ቦርሳቸውን አንስተው ብድግ አሉ። «በል እንግዲህ፣ ምሳህን ብላ። ወንበሩን በኋላ እወስደዋለሁ።»

«ኧረ ይቀመጡ ሲስተር፤ አሁን አልሄድም።»

«አሁን መጣሁ ስትል የሰማሁት ማንን ነው?»

አናጢው ሳቀ። «እሱማ አባባል ነው። እነሱም ያውቁታል።»

«እነሱም ያውቁታል» ብለው ደገሙለት ሲስተር፤ ተመልሰውም ተቀመጡ። «ልጄ፣ ብጠይቅህ አትቀየመኝም?»

«እናቴ ማለት ነዎት፤ ምን ያስቀይመኛል!»

«ከቤተሰብህ ጋር ምሳ የበላኸው መቼ ነው?»

አናጢው ብርጭቆ ወረቀቱን አንስቶ አንድ የወንበር እግር ማለስለስ ጀመረ። ጥያቄ ሲከብደው እጁን ሥራ የማስያዝ ልማድ አለው። «ሲስተር፣ ልንገርዎት» አለ በትሕትና። «እርስዎ የመንግሥት ሠራተኛ ነበሩ። ሰዓትዎ ሲደርስ ነጭ ጋውንዎን አውልቀው ይወጣሉ፤ ሆስፒታሉ እርስዎ ቢኖሩም ባይኖሩም ሥራውን ይቀጥላል። ይህ ቤት ግን እኔ ዞር ካልኩ ተዘጋ ማለት ነው። ደንበኛ ደውሎ ካጣኝ ገበያው ጥግ ይሄዳል፤ እርስዎ ራስዎ ሊሄዱ አልነበረም? ሥራው ገና ልጅ ነው፤ በእግሩ አልቆመም። ሁለት ሦስት ዓመት ጥርሴን ነክሼ ካቆምኩት በኋላ ግን፣ አርፌ ከልጄ ጋር እቀመጣለሁ።»

«ሁለት ሦስት ዓመት ማለት ከዛሬ ጀምሮ ነው ወይስ ከመክፈቻው ቀን?»

«ከ...» አለና ቆመ። የመክፈቻው ዕለትም ያንኑ ቃል ተናግሮ እንደ ነበር ትዝ አለው።

ሲስተር አልቸኮሉም። ሰውን መርፌ ሲወጉ ኖረዋልና የት ጋ እንደሚያም ያውቃሉ፤ ቀስ ብለው ነው የሚገቡት።

«ሰዓቴ ሲደርስ የምወጣ መስሎሃል» አሉ። «ሥራ ስጀምር እንደ አንተው ነበርኩ። ከእኔ በቀር ሕመምተኛ የሚያውቅ ሰው ያለ አይመስለኝም ነበር። አንድ ጊዜ ተረኛዋ ቀረች፤ እኔ እሸፍናለሁ አልኩ። ቀጣይዋ ስትመጣም አልሄድም አልኳት፤ ስድስተኛ አልጋ ላይ ያለውን ሰውዬ አንቺ አታውቂውም ብዬ። ሦስት ፈረቃ ሙሉ ቆምኩ። በሦስተኛው፣ በጠራራ ፀሐይ፣ የስድስተኛውን አልጋ ኪኒን ዘጠነኛው አልጋ ላይ ላለው ሰው ሰጠሁት። ሰውየው መዳፉን አየና፣ ‹እህቴ፣ የእኔ ቢጫ አልነበረም?› አለኝ። እሱ ባያይ ኖሮ ዛሬ እዚህ ተቀምጬ አላወራህም። አለቃዬ ትሪውን ከእጄ ወሰደችና አንድ ቃል ብቻ ተናገረች፤ ‹አስረክቢ› አለችኝ።»

«እግዜር አወጣዎት» አለ አናጢው። «ግን የእርስዎ የሰው ነፍስ ነው፤ የእኔ እንጨት ነው። እንጨት ቢበላሽ ይጣላል።»

«በዚህ ሳምንት ስንት ጣልክ?»

ሳያስበው ዓይኑ ወደ ቁም ሳጥኑ በሮች ሄደ። ሁለቱ በሮች ለማጠፊያ የተበሱት በተሳሳተው ጎን ነው። ሁለቱም። አንዱን አበላሽቶ ሌላውን ሲሠራ ስህተቱን ለማረም ሞከረና ያንኑ ደገመው።

«ድካም ነው» አለ።

«እኔም ሌላ ነገር ነው አላልኩም።»

ስልኩ ተንዘፈዘፈ። አናጢው ሊያነሳ እጁን ዘረጋ፤ ሲስተር ተመለከቱት፤ እጁን መለሰ። ስልኩ ተንዘፍዝፎ ተንዘፍዝፎ ቆመ።

«ይህ የካፌው ባለቤት ነው፤ ካልመለስኩለት ይሸሻል» አለ።

«ወንበሮቹን ለመቼ ነበር ያልከው?»

«ለረቡዕ።»

«ለየትኛው ረቡዕ?»

«ላለፈው» አለና ራሱም ሳቁ አመለጠው።

«እይ እንግዲህ። ደንበኛ ሰዓት ያለውን ሰው አይሸሽም፤ የሚሸሸው ቃሉን የማይጠብቀውን ሰው ነው። ለልጅህ መጣሁ፣ ለካፌው ረቡዕ። ሁለቱም አንድ ቃል ናቸው። አንተ ደግሞ ዋሽተህ አይደለም፤ ለሁሉም እሺ ስለምትል ለማንም አትደርስም።»

አናጢውን ይህ ነገር አልጣመውም። እውነት ሲሆን ደግሞ ይብሳል። «እሺ፣ ልክ ነዎት እንበል» አለ። «እርስዎ ለሌላ ነርስ ነው ያስረከቡት። እኔ ብቻዬን ነኝ። ለማን ላስረክብ?»

«ለነገው አናጢ።»

«ነገ ማን ሊመጣ ነው?»

«አንተው ነህ። ግን ተኝቶ የተነሳ፣ ቁርሱን የበላ፣ ዓይኑ ያልቀላ አናጢ ነው፤ ከአሁኑ ይሻላል። እኛ ከፈረቃ ከመውጣታችን በፊት መዝገብ ላይ ሦስት ነገር እንጽፋለን፤ ምን ተሠራ፣ ምን ቀረ፣ ምን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ፈርመን እንወጣለን። የጻፍነው ነገር ቤታችን ድረስ አይከተለንም። ያልጻፍነው ግን ትራስ ድረስ ይመጣል። አንተ ከዚህ ክፍል የማትወጣው ሥራው ስላላለቀ አይመስለኝም፤ ሥራ መቼም አያልቅም። ጭንቅላትህ ውስጥ ስለያዝከው፣ ከወጣሁ ይጠፋብኛል ብለህ ስለምትፈራ ነው።»

ይህ አነጋገር አናጢውን ነካው። በእርግጥም ምግብ ላይ ሲቀመጥ እንኳ አፉ እያኘከ ልቡ ልኬት ይቆጥራል። ቢሆንም በቀላሉ እጅ የሚሰጥ ሰው አልነበረም፤ ወደ ሸራው አመለከተ።

«ሲስተር፣ ልጄን የረሳሁ አይምሰልዎት። ይህ ሁሉ ለማን ሆነና! ይምጡ፣ ይዩ።»

ሸራውን ገለጠው። ሥሩ አንድ ትንሽ አልጋ ነበር። ራስጌው ላይ ወፎች ተቀርጸውበታል፤ ግርጌው ላይ ቅጠል። ቫርኒሹ እንደ ማር ያበራል። ሲስተር ሳይወዱ በግድ «አቤት!» አሉ።

«ከአንድ ዓመት በላይ መሬት ላይ በተነጠፈ ፍራሽ ነው የምትተኛው» አለ አናጢው። «የአናጢ ልጅ መሬት ትተኛለች እያለች እናቷ ትወቅሰኛለች። ከደንበኛ ሥራ በተረፈ ጣውላ፣ በመሃል በማገኛት ሰዓት፣ በድብቅ ስሠራላት ቆይቼ ትናንት ጨረስኩ። ዛሬ ልሰጣት ነው።»

«እጅህ ይባረክ። ለክተሃታል?»

«መለካት ምን ያስፈልጋል?» አለ በኩራት፤ የበሩን መቃን አሳያቸው። «ልኳ ይኸውልዎት። በየቀኑ አየዋለሁ። አንድ ሜትር ከስምንት ሰንቲ። ለማደጊያ ደግሞ ጨምሬ አንድ ሜትር ከሃያ አደረግኩት።»

ሲስተር መስመሩን አዩ፤ «የመክፈቻ ቀን» የሚለውን አነበቡ። ሊናገሩ ሲሉ ልጅቱ የተከደነ ሳህን በሁለት እጇ ይዛ በሩ ላይ ደረሰች። እናቷ «ውሰጂለት፣ በዚያው ይብላ» ብላ ልካት ነበር። መቃኑ አጠገብ ስትቆም መስመሩ ትከሻዋ ላይ ዋለ።

አናጢው አየ። ግን ገና አልገባውም።

«የኔ አልጋ ነው?» አለች ልጅቱ። ሳህኑን ለሲስተር ሰጥታ ጫማዋን አወለቀች፤ ወጥታም ተጋደመች። ራሷን ራስጌው ሥር አደረገች፤ እግሯ ግርጌውን ገፋ። ወደ ላይ ተሳበች፤ ራሷ ወፎቹን ነካ። ከዚያ ወደ ጎኗ ዞረች፤ ጉልበቷን ወደ ሆዷ ሰብስባ ፈገግ አለች።

«በጣም ያምራል፣ አባዬ። እግሬን ካጠፍኩት ልክ ነው።»

አባቷ ወደ መቃኑ ዞሮ መስመሩን አየ።

«እውነቴን ነው» አለች ልጅቱ፣ እንዳይከፋው ብላ። «አጥፌ መተኛት እችላለሁ።»

አናጢው ሜትሩን ከኪሱ አወጣ። መቃኑ ላይ አቁሞ ለካት፤ አንድ ሜትር ከሃያ ሰባት። ከአሮጌው መስመር እስከ አዲሱ አሥራ ዘጠኝ ሰንቲ። ያን ሁሉ ያደገችው ከእሱ አሥራ ሰባት እርምጃ ርቃ ነው፤ እሱ ግን አላየም። ደንበኛ ፊት ብዙ ጊዜ አፍሮ ያውቃል፤ እንዲህ አፍሮ ግን አያውቅም ነበር። ለማያውቀው ሰው የአንድ መሳቢያ ልኬት ሦስት ጊዜ የሚለካ ሰው፣ የገዛ ልጁን በትዝታ ለክቶ አልጋ ሠራላት።

ሲስተር ምክራቸውን እዚህ ላይ አቆሙ። የተከደነውን ሳህን አስያዙትና «ይህን ይዘህ ወደ መጣበት መልሰው» አሉት። «ወንበሬ ሰኞም ወንበር ነው።»

አናጢው ስልኩን መስኮቱ ላይ ትቶ፣ በአንድ እጁ ሳህኑን፣ በሌላው የልጁን እጅ ይዞ አሥራ ሰባቱን እርምጃ ሄደ። ሚስቱ ሲገባ አየችውና ማንኪያዋን አስቀመጠች።

«እንግዳ መጣብን እንዴ?» አለች ልጇን።

«አባዬ ነው» አለች ልጅቱ።

«አልጋው አጠራት» አለ አናጢው። ሳህኑንም ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ሚስቱ ወንበር ሳበችለት፤ ልጅቱ በክፍል ስለ ኃላፊ ጊዜ የመለሰችውንም ያን ቀን ነገረችው። እሱም ሳቀ፤ ቀጥሎም ዓይኑን በእጁ ጀርባ አበሰ።

በሚቀጥለው ሳምንት ከኮምፔንሳቶ ቁራጭ ሰሌዳ ሠራና ጥቁር ቀለም ቀብቶ በሩ አጠገብ ሰቀለው። የመጀመሪያው ጽሑፍ እንዲህ ይል ነበር፦ «ለነገው አናጢ፤ የካፌው ወንበሮች ሰባቱ አልቀዋል፤ አምስቱ ቀርተዋል። የቁም ሳጥኑ ማጠፊያ በግራ ነው። በግራ! ኮላ አልቋል። ፈርሜያለሁ።» የውጭ በሩ ላይ ደግሞ የሚከፈትበትንና የሚዘጋበትን ሰዓት፣ የምሳውን ሰዓትና እሁድ ዝግ መሆኑን ጽፎ ለጠፈ።

ሁሉም ነገር በአንድ ጊዜ አልሰመረም። መጀመሪያ ሰሞን ምሳ ላይ ተቀምጦ ስልኩ የጮኸ እየመሰለው ይደነግጥ ነበር። አንዲት ደንበኛ በምሳ ሰዓት በሩን አንኳኩታ ብታጣው ተቆጥታ ሄደች፤ አልተመለሰችም። የካፌው ባለቤት ግን ወንበሮቹ ቅዳሜ እንጂ ከዚያ በፊት እንደማይደርሱ በግልጽ ሲነገረው አጉረመረመና እሺ አለ፤ ቅዳሜ ሲደርሱለት ደግሞ ተገርሞ ስምንት ጠረጴዛ አዘዘ። የተበላሹ በሮች ቁጥር ቀነሰ፤ ከአንድ ወር በኋላም የተደገፉበት ግድግዳ ባዶ ሆነ። የሚገርመው፣ የሚሠራው ሰዓት አንሶ የሚያልቀው ሥራ መብዛቱ ነው። ይህን ለሲስተር ሲነግራቸው «እኛ ፈረቃ የምንለው ይህንን ነው» አሉት።

የአሰልጣኙን ቃል ከግድግዳው አላነሳውም። «የራሱን ሥራ የጀመረ ሰው ሰዓት የለውም» ከሚለው በታች በእርሳስ «ስለዚህ ሰዓቱን ራሱ ይሥራ» ብሎ ጨመረበት። የራሱን ሥራ የጀመረ ሁሉ ይህችን ጭማሪ ቢይዝ ይጠቅመዋል። ለቀጣሪ የሚሠራ ሰው ደወል ይደወልለታል፤ ለራሱ የሚሠራ ደወሉን ራሱ መስቀል፣ ሲደወልም ራሱ መስማት አለበት። «ሥራው ሲቆም አርፋለሁ» የሚል ሰው ልጆቹ ቆመው እንደማይጠብቁት ይወቅ። እነሱ ያድጋሉ።

አልጋውም እንደገና ተሠራ። ወፎች ያሉበት ራስጌና ቅጠል ያለበት ግርጌ እንደ ነበሩ ቀሩ፤ ጎንና ጎኑ ግን ለዚሁ ተብሎ በተገዛ አዲስ ጣውላ ተቀይሮ አንድ ሜትር ከዘጠና ሆነ። ልጅቱ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ከልማድ የተነሳ እግሯን አጥፋ ነበር የምትተኛው። አባቷ በየጠዋቱ ወደ ሥራ ከመግባቱ በፊት በሩን ገርበብ አድርጎ ያያታል። አንድ ጠዋት እግሯን እስከ ጣቷ ዘርግታ ተኝታ አገኛት፤ ሚስቱን ጠርቶ አሳያት።

ከዚያ በኋላ በአንዱ ቀን ልጅቱ እንደ ወትሮዋ በረንዳ ላይ ወጥታ «አባዬ፣ ምሳ!» ብላ ተጣራች። ከወርክሾፑ መልስ አልመጣም። ደግማ ጮኸች፤ ዝም። ዞር ስትል አባቷ ከኋላዋ ጠረጴዛው ጋ ቆሞ፣ የታጠበ እጁን በፎጣ እያደረቀ ነው።

«መጣሁ» አላት።

ልጅቱ ከላይ እስከ ታች አየችውና እንደ መምህሯ ራሷን ነቀነቀች።

«አሁን ትክክል ነው» አለች፤ «ኃላፊ ጊዜ።»